60ኛ ልደትን በቪየና ማክበር፦ ከቪዛ ቀጠሮ እስከ ኦፔራው ምሽት

ለእናት ወይም ለአባት 60ኛ ልደት የውጭ ጉዞ የሚያቅዱ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣሉ። ቀጥለው ሆቴል ይይዛሉ። ስለ ልደቱ ምሽት የሚያስቡት ከተማው ከገቡ በኋላ ነው። ያኔ ኦፔራው ወይ ዝግ ነው፣ ወይ ቦታው አልቋል። እኛ እናታችንን በነሐሴ ይዘናት ሄደን የኦፔራውን ሕንፃ ከውጭ ብቻ አይታ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዓመቱ ግንቦት ላይ ደገምነው፤ ይህን የምጽፈው ሁለተኛው ጉዞ ካስተማረን ነገር ነው።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ አንዱን ምሽት ምረጡ። ቪዛውም፣ በረራውም፣ ምግቡም ከዚያ ምሽት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይሠራል።

የኦስትሪያን ዋና ከተማ ቪየናን የመረጥኩት ጥሩ ምግብ፣ ወይንና ሙዚቃ እዚያው ከተማ ውስጥ ስለሚገኙ ነው። የወይን እርሻው ድረስ በትራም ይኬዳል። መኪና መከራየት አያስፈልግም። ወይን ለመቅመስ የሄደ ሰው መኪና ባይነዳ ደግሞ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ (ከ8 ወር በፊት)

ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

1. የኦፔራውን ወቅት። የቪየናው ዋና ኦፔራ ቤት፣ ሽታትስኦፐር፣ የሚሠራው ከሴፕቴምበር እስከ ጁን ነው። ጁላይና ኦገስት ዝግ ነው። ልደቱ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከዋለ በዓሉን ግፉት።

2. ጾሙን። የቪየና ገበታ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ነው። ተከባሪዋ፣ ማለትም ልደቷ የሚከበርላት፣ የምትጾም ከሆነች ዓቢይ ጾምንም ጾመ ነቢያትንም ዝለሉ። የገና ገበያውን ለማየት ብላችሁ በታኅሣሥ ብትወስዷት ቆማ ከማየት በቀር የምትቀምሰው ነገር ያጥራታል።

3. የወይኑን ጊዜ። ፀደይ ላይ የወይን ቤቶቹ ጓሮ ይከፈታል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር አዝመራ ነው።

እንደኔ ከሁሉም የሚሻለው በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። ኦፔራው ክፍት ነው፣ የአየሩ ጠባይ ደህና ነው፣ ገበያው ነጭ አስፓራገስ በሚባለው አትክልት ይሞላል። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል፤ ይህ ማለት ሜይ 2 ቀን 2027 ነው። ስለዚህ ከዚያ እስከ ሰኔ 13 ድረስ ሰፊ ጊዜ አላችሁ።

ተጠንቀቁ፦ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን የልደት ቀን አሁኑኑ እዩት። የብዙ እናቶቻችን የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተሳስቷል። ቤት ውስጥ የምታከብሩት ቀን ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ በቪዛው ደብዳቤ ላይ «የልደት በዓል» ብላችሁ የማይገጥም ቀን አትጻፉ። የፓስፖርቱን ቀን ተከተሉ፣ ወይም «የቤተሰብ ጉብኝት» ብቻ በሉ።

ደረጃ 2፦ አንዱን ምሽት ምረጡ (ከ6 ወር በፊት)

የኦፔራውን ፕሮግራም በራሱ ድረ ገጽ ክፈቱ። አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት አማራጭ ምሽቶችን ጻፉ፦

- አንደኛ ምርጫ፦ ሽታትስኦፐር። የሥራው ርዝመት ድረ ገጹ ላይ ይጻፋል። ኦፔራ አይታ ለማታውቅ እናት ከ3 ሰዓት የሚበልጥ አትምረጡ።
- ሁለተኛ፦ ሙዚክፌራይን የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ። ወርቃማው አዳራሽ የሚሉት እዚያ ነው። ታሪክ መከታተል አይጠይቅም፤ ተቀምጦ መስማት ብቻ ነው። ለአንዳንድ እናቶች ከኦፔራ ይልቅ ይህ ይስማማቸዋል።
- ሦስተኛ፦ ኮንሰርትሃውስ የሚባለው ሌላ የሙዚቃ አዳራሽ። ጃዝ የምትወድ ከሆነች ደግሞ ፖርጊ ኤንድ ቤስ የሚባለው ክለብ።

ቪዛ የማያስፈልጋችሁ፣ ለምሳሌ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዛችሁ፣ ትኬቱን ሽያጩ እንደተከፈተ ግዙ። ቪዛ የምትጠብቁ ግን ቪዛው እስኪወጣ ታገሡ። የተገዛ የኦፔራ ትኬት ገንዘቡ ይመለሳል ብላችሁ አትቁጠሩ። ሦስት አማራጭ የያዛችሁትም ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ቪዛውን አስገቡ (ከ5 ወር በፊት)

ጉዞዎች የሚበላሹት በብዛት እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ከኤፕሪል 2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ ማመልከቻ ላይ ጠበቅ ያለ አሠራር አውጥቷል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ አይሰጥም። ከማስረጃዎቹ አንዱንም በቸርነት ማለፍ ቀርቷል። ስለዚህ «አንድ ወር ይበቃናል» የሚለውን ሒሳብ እርሱት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ቀጠሮው ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ከቀጠሮው ጀምሩ።

1. የት እንደምታመለክቱ ለዩ። ብዙ ቀን የምትቆዩበት አገር ነው የሚታየው። ቪየና 5 ቀን፣ ፓሪስ 7 ቀን ካላችሁ ማመልከቻው ለፈረንሳይ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩ እዚያው አመልክቱ፤ ፈቃዱ ከጉዞው በኋላም የሚያቆያችሁ ይሁን።

2. ፓስፖርቱን ፈትሹ። ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከ10 ዓመት ወዲህ የወጣ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

3. የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ። ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ፣ ለመላው ሸንገን የሚሠራ። ለ60 ዓመት ሰው ርካሹን አትፈልጉ፤ ነባር ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ አስነብቡ።

4. በረራውን ቦታ ብቻ አስይዙ፣ አትክፈሉ። ሆቴሉንም ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አድርጉት።

5. የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ ወይም ንግድ ፈቃድ አዘጋጁ። ወጪውን የምትሸፍነው ልጅ ከሆነች የእሷም ስቴትመንት ይግባ። ማመልከቻው ሊገባ ሲል በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሳል።

6. ዝምድናውን አስረዱ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። እናት በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ልጅ በአባቱ። ማመልከቻውን ለሚያየው ሰው ሁለቱ ፓስፖርቶች የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። ከወሳኝ ኩነት የወጣ፣ የእናት ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት አስተርጉማችሁ አስገቡ። በደብዳቤው ላይም «በኢትዮጵያ ልማድ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል» ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉ።

7. ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

ተጠንቀቁ፦ ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። በባቡር ብራቲስላቫ ወይም ቡዳፔስት ደርሶ መመለስ ችግር የለውም፤ ሁለቱም ሸንገን ናቸው። ለንደን ያለችውን እህት አይተን ቪየና እንመለሳለን ካላችሁ ግን መግቢያው ተዘጋ።

ቪዛው ቢከለከልስ? ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችኋል። ወረቀቱን ሳታነቡ ተናዳችሁ በማግስቱ አታመልክቱ። ይግባኝ መጠየቅም ይቻላል፣ ጉድለቱን አሟልቶ እንደ አዲስ ማመልከትም ይቻላል። ከቡድኑ የአንዱ ሰው ቪዛ ብቻ ከተከለከለ ምን እንደምታደርጉ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እናት ተፈቅዶላት አጃቢዋ ልጅ ብትከለከልስ? የእኛ ቤት ስምምነት «ሁለት አጃቢ ያመልክት» የሚል ነበር።

ደረጃ 4፦ በረራና ማደሪያ (ቪዛው በወጣ ሳምንት)

በመጀመሪያ የምሽቱን ትኬት ግዙ። ከዚያ በረራ። ከዚያ ሆቴል።

ከልደቱ ምሽት ቢያንስ 3 ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች በአብዛኛው ሌሊት ተጉዘው ንጋት ላይ ያርፋሉ። ያልተኛች እናት በዚያው ማታ ኦፔራ ብትገባ ወንበር ላይ ነው የምታንቀላፋው።

ማደሪያውን ካርልስፕላትስ የሚባለው አደባባይ አካባቢ ፈልጉ። ከዚያ ኦፔራው፣ ሙዚክፌራይንና ናሽማርክት የሚባለው ገበያ በእግር ይደረሳሉ። ርካሽ ብላችሁ ከተማው ጫፍ ብታድሩ ማታ በታኮ ጫማ ትራም መጠበቅ ይመጣል። ሆቴሉ ሊፍት እንዳለው ጠይቁ፤ አሮጌ ሕንፃ ብዙ ነው።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ

ማን ምን እንደሚከፍል በቡድኑ ፊት ተነጋገሩ። ሬስቶራንት ውስጥ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» መባባል ደስ ቢልም በስድስት ሰው ሒሳብ ላይ በኋላ ቅሬታ ያመጣል። እኛ አንድ ገንዘብ ያዥ መረጥን። ሁሉም እኩል አዋጣ፣ ተከባሪዋ ምንም አላዋጣችም፣ በየማታው ሒሳብ ተነገረ። ክርክር አልነበረም።

ዩሮውን ከባንክ ግዙ፣ ደረሰኙንም ያዙ። ካርድ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አንዳንድ የወይን ቤት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይቀበላል። ጉርሻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ጠረጴዛ ላይ አይተውም። ሒሳቡ 46 ዩሮ ከሆነ ስትከፍሉ «50» ብላችሁ ለአስተናጋጁ ትነግሩታላችሁ።

ደረጃ 6፦ የአሳማውን ጉዳይ አስቀድማችሁ እወቁ

ይህን ለብቻው ያደረግሁት ብዙ ቤተሰብ የተደናገጠበት ስለሆነ ነው። የቪየና ምግብ በአሳማ የተሞላ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም፣ እነዚህን ቃላት ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፦

- «ሽቫይን» አሳማ ነው።
- «ሺንከን» እና «ሽፔክ» የአሳማ ሥጋ ናቸው።
- «ሽማልዝ» ዳቦ ላይ የሚቀባ ስብ ነው፤ በአብዛኛው የአሳማ።
- «ብሉንትስን» የሚሉት ከደም የሚሠራ ቋሊማ ነው።
- መንገድ ላይ የሚሸጡት ቋሊማዎች በአብዛኛው አሳማ አለባቸው።

ታዋቂው ቪነር ሽኒትስል በሕግ የጥጃ ሥጋ ብቻ ነው። ዋጋው ወረድ ያለውና ስሙ ላይ ጭማሪ ቃል ያለበት ግን የአሳማ ሊሆን ይችላል። የሚጠበስበትንም ጠይቁ፤ አንዳንድ ቤት በአሳማ ስብ ይጠብሳል።

ያለ ሥጋት የምትጋብዟት ምግብ ታፈልሽፒትስ ነው። ቀስ ብሎ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ነው። መጀመሪያ መረቁ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሥጋው። እናታችን መረቁን ፉት ብላ «ይሄ የቤት ነው» አለች። ጥርስም አይፈትንም።

የምትጾም ከሆነች «ቬጋን» የሚለው ቃል በሁሉም ቦታ ይገባቸዋል። «አትክልት ብቻ» ማለት ግን አይበቃም፤ ቅቤና ክሬም ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 7፦ ቀኖቹን ደርድሩ

በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያዙ። ሁለት ሲሆን 60 ዓመት የሞላት ሰው ትደክማለች፤ ግን «ደክሞኛል» አትላችሁም።

ቀን 1፦ ከአየር ማረፊያ በባቡር ግቡ፣ አሳርፏት። ከሰዓት ቡና ቤት። ሜላንጅ የሚሉት ወተት ያለው ቡና ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ይመጣል። አንድ ስኒ አዝዛችሁ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ ማንም አያስነሳችሁም። ማታ ታፈልሽፒትስ።

ቀን 2፦ ናሽማርክት ገበያ። እሑድ ዝግ ነው። ሱቆችም እሑድ አይከፈቱም፤ መግዛት የሚፈለገውን ከቅዳሜ በፊት ጨርሱ።

ቀን 3፦ የወይን ቤት። ዝርዝሩ ከታች አለ።

ቀን 4፦ ልደቱ። እስከ ከሰዓት ምንም አታቅዱ።

ቀን 5፦ እሑድ እንዲሆን አድርጉት። በአውግስቲነርኪርኸ ቤተ ክርስቲያን በ11፡00፣ በእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በመዘምራንና በኦርኬስትራ የታጀበ ቅዳሴ አለ። ክፍያ የለውም። ቀድማችሁ ግቡ፣ እንደ ጸሎት ቦታም ተቀመጡ።

ደረጃ 8፦ ሆይሪገር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ

ሆይሪገር ማለት ገበሬው የራሱን ወይን በራሱ ጓሮ የሚሸጥበት ቤት ነው።

1. ሰፈር ምረጡ። ግሪንሲንግ በ38 ቁጥር ትራም፣ ኑስዶርፍ በዲ ትራም፣ ሽታመርስዶርፍ ከዳኑብ ማዶ በ31 ቁጥር። ግሪንሲንግ ውብ ነው፤ ግን አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት ይመጣል። እኔ ሽታመርስዶርፍን እመርጣለሁ።

2. ክፍት መሆኑን አጣሩ። አንዳንዱ በዓመት የተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው የሚከፍተው። በር ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ከተሰቀለ ክፍት ነው። እኛ አገር ጠላ ቤት እንጨት ላይ ጣሳ እንደሚደፋው ማለት ነው። እናታችን ቅርንጫፉን ስታይ ማንም ሳይነግራት ገባት።

3. ቦታ ያዙ፣ ከዚያ ተከፋፈሉ። ወይኑን አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛ ያመጣል። ምግቡን ግን ራሳችሁ ወደ ባንኮኒው ሄዳችሁ ነው የምታዙት። ተቀምጦ ምግብ የሚጠብቅ ተርቦ ይቀራል። ባንኮኒው ላይ ያለው ሥጋ አብዛኛው አሳማ ስለሆነ ደረጃ 6ን ያነበበ ሰው ይሂድ።

4. በትንሽ ጀምሩ። «አኽተል» አንድ ስምንተኛ ሊትር ነው፣ «ፊርተል» ሩብ ሊትር። ሁሉም የተለያየ አኽተል አዝዞ ተቀማመሱ። ግሩነር ቬልትሊነር ደረቅ ነጭ ወይን ነው፣ ትንሽ የቁንዶ በርበሬ ጠረን አለው። ጌሚሽተር ሳትስ ደግሞ አንድ እርሻ ላይ ተደባልቀው ከተተከሉ የተለያዩ የወይን ዘሮች አብሮ የሚጠመቅ ነው።

5. ጣዕሙን አስቀድማችሁ ንገሯት። አክሱማይት ለለመደ ሰው የቪየና ወይን ይጎመዝዛል። ጣፈጥ ያለ ከፈለገች «ሊብሊኽ» በሉ። በሶዳ ውኃ የተበረዘው «ሽፕሪትሰር» ይባላል፤ ለሙቀትም ለጭንቅላትም ቀላል ነው። ለማይጠጣ የወይን ጭማቂ አለ፤ «ትራውበንዛፍት» ይባላል።

6. በመስከረም ከሄዳችሁ «ሽቱርም» ይቀርብላችኋል። ገና እየፈላ ያለ ወይን ነው። ይጣፍጣል፣ ስለዚህ ጭማቂ ይመስላል። አይደለም። ሆድም ያላላል። አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ በልደቱ ዋዜማ ደግሞ ጭራሽ ተዉት።

የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነች ስለ ወይኑ ሐኪሟን ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ጠይቁ።

ቫዮሊንና አኮርዲዮን የያዙ ሙዚቀኞች ወደ ጠረጴዛችሁ ከመጡ ዘፈን ጠይቋቸው፣ ጉርሻ ስጧቸው። ለዚያ ጥቂት ዩሮ ዘርዝራችሁ ያዙ።

ደረጃ 9፦ የልደቱ ምሽት በሰዓት

ትኬቱ 19፡00 የሚል ከሆነ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የሁሉም ስልክ በቪየና ሰዓት መስተካከሉን አረጋግጡ፤ «7 ሰዓት» እና «1 ሰዓት» ስትባባሉ አንድ ሰው ይጠፋል።

- 16፡00፦ ዋናውን ምግብ አሁን ብሉ። ኦፔራው ሲያልቅ ብዙ ወጥ ቤት ተዘግቷል።
- 17፡30፦ ሆቴል፣ ልብስ። የሐበሻ ቀሚስ ከሁሉም ያምራል። ነጠላዋን ይዛ ትግባ፤ ካፖርትና ቦርሳ ግን በአልባሳት ማስቀመጫው ይተዋል።
- 18፡30፦ አዳራሹ ውስጥ ሁኑ። ከተጀመረ በኋላ የደረሰ ሰው እስከ ዕረፍት አይገባም።
- ወንበሩ ፊት ያለውን ትንሽ ስክሪን አብሩላት። የሚዘፈነው ትርጉሙ እዚያ ይወጣል። አማርኛ ስለሌለ ታሪኩን ቀን ላይ በአምስት ደቂቃ ተርኩላት። ይህን ከዘለላችሁ ግማሹ ደስታ ቀረ።
- ከሙዚቃው በኋላ፦ አስቀድማችሁ ያስያዛችሁት ቦታ ኬክና አንድ ጠርሙስ። ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ስታስይዙ ጠይቁ።

ኬኩን ስታዙ አንድ ነገር አትገረሙ። እዚያ አገር ከቀኑ በፊት «እንኳን አደረሰሽ» ማለት እንደ መጥፎ ዕድል ይታያል። አስተናጋጁ ዋዜማው ላይ ዝም ቢላችሁ ንቆ አይደለም።

ተጠንቀቁ፦ በኦፔራውና ሽቴፋንስፕላትስ በሚባለው አደባባይ ዙሪያ ዊግና የጥንት ልብስ የለበሱ ሰዎች ትኬት ይሸጣሉ። የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ በሌላ አዳራሽ ለጎብኚ የሚቀርብ ኮንሰርት ነው እንጂ የኦፔራውን ትኬት አይደለም። በነሐሴው ጉዞ እኛ ከአንዱ ገዝተን እናታችን ኦፔራ የገባች መስሏት ነበር።

አንዱ ደረጃ ሲበላሽ

ትኬቱ አልቋል፦ ሽታትስኦፐር በዚያው ቀን የሚሸጥ ርካሽ የመቆሚያ ቦታ አለው። ለእናት ግን አይሆንም። ለወጣቶቹ ውሰዱት፣ ለእሷ የተገኘችውን አንዲት ወንበር ግዙ። እሱም ከሌለ ሙዚክፌራይን ወይም ኮንሰርትሃውስ።

ቪዛው ዘገየ፦ በዓሉን ወደ ሴፕቴምበር መጨረሻ ግፉት፣ ሆቴሉን ሳይረፍድ ሰርዙ። በልደቷ ቀን ቤት ውስጥ ቡና አፍሉ።

ታመመች፦ አምቡላንስ 144 ነው፤ 112ም ይሠራል። ፋርማሲ «አፖቴከ» ይባላል። እሑድ ዝግ ቢሆንም ተረኛው የትኛው እንደሆነ በር ላይ ይለጠፋል። መድኃኒቷን ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ያዙ።

ዝናብ ጣለ፦ የወይን ቤቱን ቀን ከገበያው ቀን ጋር ቀይሩ። የልደቱን ምሽት ግን አትንኩ።

ስትመለሱ

ወይኑን በእጅ ሻንጣ አትያዙ፤ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል። ጠርሙሱን በካልሲ፣ ቀጥሎ በፕላስቲክ፣ ቀጥሎ በወፍራም ልብስ ጠቅልላችሁ የሻንጣው መካከል ላይ አስቀምጡት፣ ጠርዝ አያስነኩት። ሽቱርም ከሆነ አታምጡት። እየፈላ ስለሆነ ክዳኑ አይጠብቅም፤ ሻንጣው ውስጥ ይፈስና የእናታችሁን ነጠላ ያበላሻል።